ከቆርቆሮ በታች ገለባ፤ የደጋውን ብርድ በእጅ ባለ ነገር

በሰሜን ጎንደር ዞን ደጋማ ወረዳዎች ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለአርሶ አደሩ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ አውድማ የሚሞላበት፣ ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት ወቅት ነው። በሌላ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚያድርበት፣ ማለዳ መስኩ ውርጭ ለብሶ የሚታይበት የብርድ ወራት ነው። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በበየዳ ከፍታዎች የሚኖረው ቤተሰብ በእነዚህ ወራት እሳት ዳር ያመሻል፤ ሌሊቱንም ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርቦ ያነጋል።

ብርዱን ለመከላከል ከሚያስፈልጉት ነገሮች አብዛኞቹ በዚያው ሰሞን አውድማው ላይ ተከምረው ይገኛሉ። የገብስና የስንዴ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ፣ እብቅ፣ የበግ ጠጉርና ያገለገለ የማዳበሪያ ከረጢት ሙቀት አፍነው የመያዝ አቅም አላቸው። አርሶ አደሩ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛሬ ቤቱ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ ይህ እውቀት ከአሮጌው ክዳን ጋር አብሮ እንዳይጣል ማሰብ ያስፈልጋል።

የሣር ቤት ለምን ይሞቃል?

ሙቀትን የሚይዘው ገለባው ራሱ ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራ የሚሠራው በገለባው ውስጥና በአገዳዎቹ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የበግ ጠጉር፣ ጥጥ፣ ሣርና ገለባ የሚያሞቁትም አየሩን ከፋፍለው በቦታው ስለሚያቆሙት ነው። ብርድ የለመደው እረኛ ደበሎውን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ሲለብስ የሚጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነው።

ነገሩን በአኃዝ ማየት ይቻላል። የአንድ ነገር ሙቀት የማሳለፍ አቅም በዋት፣ በሜትርና በዲግሪ ሲለካ ጸጥ ያለ አየር 0.025 ገደማ ነው። የበግ ጠጉር 0.04፣ ደረቅ ገለባ ደግሞ ከ0.05 እስከ 0.07 ይደርሳል። ደረቅ ጭቃ ከ0.5 እስከ 1 ሲሆን ብረት ወደ 50 ይጠጋል። አኃዙ ባነሰ ቁጥር ቁሱ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል ማለት ነው። በዚህ መሠረት ውፍረታቸው እኩል ቢሆን ገለባ ከጭቃ ቢያንስ 7 እጥፍ የተሻለ መከላከያ ነው።

በደንብ የተከደነ የሣር ጣሪያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስለሚኖረው ቀን የፀሐዩን ግለት፣ ሌሊት ደግሞ የውጩን ብርድ ይመክታል። ጭቃ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ግድግዳ ሲመረግም ጭዱ ስንጥቅ ከመከላከሉ በላይ ግድግዳውን ቀለል ያለና ሙቀት የሚይዝ ያደርገዋል። የጎንደር አብያተ መንግሥት ወፋፍራም የድንጋይና የኖራ ግንቦች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። ገለባ ግን ሙቀቱ ከነጭራሹ እንዳያመልጥ በሩን ይዘጋበታል።

ቆርቆሮው የሰጠው፣ ቆርቆሮው የወሰደው

የቆርቆሮ ጣሪያ ጥቅሙ አያከራክርም። ዝናብ አያሳልፍም፤ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን መቀየርን ያስቀራል፤ በእሳት የመያያዝ አደጋውም ከሣር ያነሰ ነው። ለክዳን የሚሆን ሣር ማግኘትም እየከበደ መጥቷል። በከፍታው ላይ ጓሳ ለክዳን ተፈላጊ ቢሆንም የሚበቅልበት አካባቢ ጥበቃ ይደረግለታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በክልላችን በመንዝ ጓሳም ማኅበረሰቡ ሣሩን ለዘመናት በራሱ ሥርዓት እየጠበቀና በጊዜው እያጨደ ኖሯል። በመሆኑም ለሁሉም ቤት ጓሳ ይታጨድ ማለት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን ሜዳ ማራቆት ይሆናል። መፍትሔውን ከሰብል ተረፈ ምርትና ከሚጣሉ ቁሶች መፈለግ ይሻላል።

ቆርቆሮው የወሰደው ሙቀቱን ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሳሳ ብረት ሙቀትን ምንም ያህል አያቆምም። በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከሰው ትንፋሽና ከድስት የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ሲነካው ውኃ ይሆናል። ንጋት ላይ ጣሪያው “አላበ” የሚባለው፣ አንዳንዴም በተኛ ሰው ላይ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው።

አንድ የቤት ስሌት እንውሰድ። የጣሪያው ስፋት 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የውጩ ብርድ 3 ዲግሪ ሆኖ ቤቱን በ15 ዲግሪ ለማቆየት ይፈለጋል። ከሥሩ ምንም የሌለው ቆርቆሮ በ1 ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያሳልፋል። በድምሩ በጣሪያው ብቻ ወደ 2,900 ዋት ይባክናል። ይህም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው። ከቆርቆሮው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ ቢነጠፍ ግን ብክነቱ ወደ 300 ዋት ይወርዳል። ተኝቶ የሚያድር አንድ ሰው ከሰውነቱ ከ70 እስከ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ አምስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ የራሱ የሰውነት ሙቀት በጣሪያው የሚወጣውን ይተካል። በእርግጥ በግድግዳ፣ በበርና በክፈፉ ቀዳዳ የሚወጣ ሌላ ሙቀት አለ። ቢሆንም ትልቁ ማምለጫ ከላይ ነው።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የከብት ማደሪያ ከሰው መኖሪያ እንዲለይ ሲመከር ቆይቷል። ምክሩ ለጤና ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ከብቶቹ ሲወጡ ለቤቱ ይሰጡት የነበረው ሙቀት አብሮ ይወጣል። ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቶ፣ ከብቱም ወደ በረት ሄዶ የቀረው ቤት የሚሞቀው በማገዶ ብቻ ይሆናል። ያ ማለት ተጨማሪ ባሕር ዛፍ፣ ተጨማሪ ኩበት፣ ተጨማሪ ጭስ ማለት ነው። ኩበቱ በማሳ ላይ ቢውል ኖሮ አፈሩን ያዳብር ነበር።

መኖ ወይስ ሙቀት?

አርሶ አደሩ ይህን ሲሰማ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል፤ “ገለባውን ጣሪያ ላይ ከሰቀልኩት በሬዬ ምን ይበላል?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደጋው ከጥር በኋላ እስከ ክረምቱ ሣር ድረስ የከብቱ ሕይወት በክምሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መልሱን በመጠን እንየው። 40 ካሬ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 4 ሜትር ኩብ ገለባ ያስፈልጋል። ረገጥ ረገጥ ያልተደረገ ገለባ በ1 ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በአማካይ 240 ኪሎ ግራም ማለት ነው። አንድ የአገር በሬ በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ቢመገብ ይህ የ40 ቀን ቀለቡ ነው። ወጪው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደርቆ የተነጠፈ፣ ዝናብና አይጥ ያልነካው ገለባ ለዓመታት ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት እንጨት ያጡ ገበሬዎች ከታሰረ ገለባ የሠሯቸው ቤቶች ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ የቆዩ አሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ ከተጨመቀ የገለባ ቦርድ የሙከራ ቤት ተሠርቶ ታይቷል።

ይሁንና መኖ በሚያጥርበት ቤት መጀመሪያ መታየት ያለበት ከብት የማይመኘው ነው። የጤፍ ጭድ ለከብትም ለምርጊትም ተፈላጊ በመሆኑ ለጣሪያ ማዋል አይመከርም። ጠንከር ያለው የገብስና የስንዴ አገዳ፣ ከብቱ በልቶ የተወው ደረቅ ትራፊ፣ ለባና መሥሪያ የማይሆን አጭርና ሻካራ የበግ ጠጉር ይቀድማሉ። የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ቅባቱ ለቅቆና በደንብ ደርቆ ካልሆነ ሽታ ያመጣል፤ ብልም ይበላዋል። ሻግቶ የጠቆረ ገለባ ግን ለከብትም ለጣሪያም አይሆንም። የሻጋታው ብናኝ የሰውን ሳንባ ይጎዳልና ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይሂድ።

ከተማው የሚጥለው፣ ገጠሩ የሚፈልገው

ጎንደር ከተማ ለዚህ ሥራ የሚውል ብዙ ነገር በየዕለቱ ይጥላል። ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ፣ ከልብስ ስፌት ቤቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከሱቆች ካርቶን፣ ከእህል በረንዳ ያረጀ ጆንያ ይወጣል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደግሞ የፎገራ ሩዝ የሚፈተግባቸው የወረታ ወፍጮዎች የሩዝ ገለፈት ያከማቻሉ። የሩዝ ገለፈት ለከብት የማይስማማ፣ በተፈጥሮው ሲሊካ የበዛበት በመሆኑ ቶሎ የማይበሰብስና በነበልባል ለመያያዝ የሚዘገይ ነው። ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከገለባ ጋር ይቀራረባል።

የክብደቱ ነገር መታሰብ አለበት። ለዚያው 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሴንቲ ሜትር የሩዝ ገለፈት 400 ኪሎ ግራም፣ ሰጋቱራ ደግሞ እስከ 800 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ይህን ለመሸከም ኮርኒሱ በቂ ማገርና ወራጅ ያስፈልገዋል። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ቀላሉን ገለባ ወይም ካርቶን መምረጥ ይሻላል።

በብዙ ቤቶች የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ኮርኒስ ሲሆን እናያለን። ጥሩ ጅምር ነው፤ በከረጢቱና በቆርቆሮው መካከል የአየር ክፍተት ይፈጥራል፤ ጠብታም ይከለክላል። ጉድለቱ ብቻውን ቀጭን መሆኑ ነው። በላዩ ገለባ ቢጨመርበት ይረግባል። ይህን ለማስተካከል ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ማገር ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ከወራጁ ሥር ማሰር፣ ከረጢቱን ከማገሩ በላይ መዘርጋት፣ ከዚያም ገለባውን በእኩል ውፍረት ማንጠፍ ይበቃል። ከገለባው በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች የአንድ ስንዝር ያህል ባዶ ቦታ ይተው። በክፈፉ በኩል አየር እየገባ እርጥበቱን ያደርቃል። ገለባ ቆርቆሮውን ከነካ በላቡ ይርሳል። ውኃ ሙቀትን ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋልና የራሰ ገለባ ሥራውን ያቆማል፤ ይሻግታልም።

ከረጢቱን በደንብ ማጠብም የግድ ነው። የዩሪያና የሌሎች ማዳበሪያዎች ቅሪት እርጥበት ይስባል፤ ቆርቆሮና ምስማርም ያዝጋል። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ባይታጠብም ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የለበትም።

ከጫጩት መጀመር

ቤት ማደስ አቅም ይጠይቃል። በትንሽ ወጪ ጥቅሙን በዓይን ማየት የሚፈልግ አርሶ አደር ከጫጩት ቢጀምር ይመረጣል። በ2015 ዓ.ም በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላል ከዋና ዋናዎቹ መስኮች ናቸው። በደጋው ግን የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብሎ ማሳደግ አስቸጋሪ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሻል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ላባ እስኪያወጣ ይቆያል። መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ አንድ የብርድ ሌሊት ሙሉውን መንጋ ሊጨርስ ይችላል።

በባለሙያዎች ዘንድ “ሃይ ቦክስ” እየተባለ የሚጠራው በሣር የታጨቀ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን ለዚህ የተዘጋጀ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለገጠር ዶሮ አርቢዎች ተስማሚነቱን ፈትሸውታል። መብራትም ላምባም አይፈልግም። ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚሰጡትን ሙቀት ሣሩ አፍኖ ይመልስላቸዋል። አምስት ሆኖ በሚያድረው ቤተሰብ ላይ ያየነው ስሌት እዚህም ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ሣጥን በሌላው ውስጥ እንዲገባ ሆኖ በሁለቱ መካከል በአራቱም ጎንና ከሥር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይታጨቃል። ከላይ በአሮጌ ጆንያ ውስጥ ገለባ ተሞልቶ የተሰፋ ትራስ ይከደንበታል። ለአየር መግቢያ በጎንና በጎን ጥቂት ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ አይጥና ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናሉ። ጫጩቶቹ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ በተከለለ ቦታ መኖና ውኃ ያገኛሉ፤ ሲመሽ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው እብቅ ወይም ሰጋቱራ እርጥበት ሲይዝ ወዲያው ይቀየራል።

ሳጥኑ የሚሞቀው በጫጩቶቹ ብዛት መሆኑ አይዘንጋ። በሰፊ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ጫጩት ብቻ ቢገባ ሙቀቱ አይበቃም። እንደ በየዳና ጃናሞራ ባሉ ብርድ በጠናባቸው ቦታዎች በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጀሪካን ማስገባት ይረዳል። ለመፈተሽ መሣሪያ አያሻም። ጫጩቶቹ ተደራርበው ከተንጫጩ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ተዘርግተው ጸጥ ካሉ ተስማምቷቸዋል።

ይኸው ሳጥን ተለቅ ባለ ቅርጫት ተሠርቶ ለወጥ ቤትም ይውላል። እንደ ደባርቅ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይፈጃሉ። ቀድሞ የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ለጥቂት ጊዜ በእሳት ላይ ከተንተከተከ በኋላ ድስቱ እንደተከደነ በገለባ በታጨቀ ቅርጫት ውስጥ ቢቀመጥ ለሰዓታት በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከመበላቱ በፊት እንደገና ማፍላት ይገባል። ማገዶ ለቀሚ ለሆኑት እናቶችና ልጆች እፎይታው ቀላል አይደለም።

ሳይረሳ የሚገባ ጥንቃቄ

ገለባ እሳት ይወዳል። ምድጃ ወይም የጭስ መውጫ ባለበት ክፍል ጣሪያ ላይ ገለባም የፕላስቲክ ከረጢትም አይነጠፍ። ወጥ ቤት ለብቻው ይሁን። የኤሌክትሪክ ሽቦ በገለባ ውስጥ ተቀብሮ አይለፍ። ገለባውን ቀጠን ባለ የሸክላ አፈር ጭቃ ነክሮ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቆ ማንጠፍ እሳትም አይጥም ይቀንሳል፤ ክብደቱ ግን ስለሚጨምር የኮርኒሱ አቅም ይታይ።

ሁለተኛው የጭስ ጉዳይ ነው። የሣር ክዳን ጭስ በመጠኑ ያሳልፍ ነበር። በኮርኒስ የተዘጋ ቤት ግን አያሳልፍም። ብርድ ተፈርቶ መስኮት በተዘጋበት ቤት ውስጥ ከሰል አያይዞ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ሙቀት የሚይዝ ቤት የሚሠራው እሳቱን ለማስቀረት ነው። ቤቱን ደፍኖ እሳቱንም ማስቀጠል ግን ጉዳቱን ያብሰዋል።

የወረዳው ድርሻ

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሥራ ለመጀመር የተለየ በጀት የሚጠይቅ ነገር የለባቸውም። በአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን፣ አንዱን በገለባ የታጨቀ፣ ሌላውን ባዶ አድርጎ እኩል ቁጥር ጫጩት ማሳደግና የሚተርፉትን መቁጠር ይቻላል። ሁለት ክፍል ባለው የማዕከሉ ቤት አንዱን በገለባ ኮርኒስ አልብሶ፣ ሌላውን በባዶ ቆርቆሮ ትቶ፣ በርካሽ ቴርሞሜትር የንጋቱን ሙቀት ለአንድ ወር መመዝገብም እንዲሁ። አርሶ አደሩ ከንግግር ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በምርምርና በማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፉ መለካቱን ቢያግዝ ለክልሉ ደጋ ሁሉ የሚጠቅም መረጃ ይገኛል።

የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች ተቀናጅተው ቢሠሩም መልካም ነው። ከብቱ ከቤት ይውጣ የሚለው ምክር ቤቱ በምን ይሙቅ ከሚለው መልስ ጋር አብሮ ቢቀርብ ተቀባይነቱ ይጨምራል። የከተማው ሥራ ፈላጊ ወጣቶችም ሰጋቱራ፣ ካርቶንና ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስበው፣ አድርቀውና በጆንያ አሽገው ቢያቀርቡ ገበያ አለው።

ጊዜው የሚወሰነው በአውድማው ነው። ገለባው በደንብ የሚደርቀው፣ ዋጋውም ዝቅ የሚለው በውቂያ ሰሞን ነው። ከክምሩ ለጣሪያ የሚሆነውን ያኔ መለየት፣ ሳጥኑንም ጫጩት ከመምጣቱ በፊት ሠርቶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚነጠፍ ገለባ እርጥበት ይዞ ስለሚገባ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።